28/30 የቲማቲም ድልህ በጣሳ፦ ለአስመጪና ለጅምላ ገዢ የቀረበ የምርት ግምገማ

ከአገር አገር የሚሻገሩ የታሸጉ ምግቦች ብዙ ናቸው፤ እንደ ቲማቲም ድልህ በስሙ ብቻ ሲገዛ የሚያሳስት ግን ጥቂት ነው። ሁለት ጣሳ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሁለቱም 400 ግራም ናቸው፣ ሁለቱም ላይ «28/30» ተጽፏል፣ በሁለቱም ላይ ያው ቀይ ቲማቲም ተስሏል። ሲከፈቱ አንዱ ውስጥ የተተከለ ማንኪያ ቆሞ ይቀራል። ከሌላው የተቀዳው ሳህን ላይ ዳር ዳሩን ውሃ እያቆረ ይዘረጋል። የምንገመግመው አንድን የንግድ ስም ሳይሆን ምርቱን ነው፦ በጣሳ የታሸገ ድርብ የቲማቲም ድልህ፣ በኮንቴይነር ለሚያስገባና በጅምላ ለሚረከብ ሰው ምን ያህል ይታመናል?

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ምርቱ ጥሩ ነው። አሲዳማ ስለሆነ በቀላሉ አይበላሽም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ በአግባቡ ከታሸገ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቀመጣል፣ ረጅም የባሕር ጉዞም ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ገዢው በብሪክስ፣ በግብዓት ዝርዝርና በጣሳው ጠርዝ ሲገዛ ነው። በሥዕልና በዝቅተኛ ዋጋ ከተገዛ ውሃ፣ ስታርችና ዝገት ከነማጓጓዣው መግዛት ይሆናል።

«28/30» የሚለው ቁጥር ብሪክስ ነው፤ በድልሁ ውስጥ የሟሟው ጠጣር፣ በዋናነት የቲማቲሙ ስኳርና አሲድ፣ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል። በንግዱ 22/24 ነጠላ፣ 28/30 ድርብ፣ 36/38 ሦስት እጥፍ ይባላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ (ሲኤክስኤስ 57-1981) ድልህ ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የቲማቲሙ የራሱ የሟሟ ጠጣር እንዲኖር ይጠይቃል፣ የተጨመረ ጨው ሳይቆጠር። ከ7 በመቶ ጀምሮ 24 ያልሞላው ፒውሬ ነው። ስለዚህ 22 ብሪክስ ይዞ «ድልህ» ተብሎ የቀረበ ዕቃ በዚህ መለኪያ ድልህ አይደለም፤ ዋጋውን ከ28ቱ ጋር ማወዳደርም ስህተት ነው። ለፋብሪካ የሚመረት ትኩስ ቲማቲም 5 ብሪክስ ገደማ ስለሚይዝ አንድ ኪሎ 28 ብሪክስ ድልህ ለማውጣት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ቲማቲም ያስፈልጋል። በጣም የወረደ ዋጋ ሲቀርብ ይህን ስሌት ማስታወስ ብቻውን ብዙ ይገላልጣል።

ብዙ ገዢዎች የማይጠይቁት ጥያቄ ድልሁ የተሠራውና ጣሳው የታሸገው አንድ ቦታ ነው ወይ የሚለው ነው። ካሊፎርኒያ፣ የቻይናው ሺንጂያንግ፣ ጣሊያን፣ ቱርክ፣ ስፔንና ፖርቱጋል ትልልቆቹ አምራቾች ናቸው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቲማቲም የሚለቀመው በዋናነት ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። በዚያ አጭር ወቅት የተመረተው ድልህ አብዛኛው ከ200 ኪሎ በላይ በሚይዝ በርሜል፣ ጀርም በጸዳ ከረጢት ታሽጎ ይቀመጣል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ አገር፣ ያለ ፋብሪካ በርሜሉን ገዝቶ በውሃ ያቀጥንና በጣሳ ያሽጋል። 100 ኪሎ የ36 ብሪክስ ድልህ ወደ 28 ሲወርድ 128 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ በሥርዓት ከተሠራ ውጤቱ ጥሩ ድልህ ነው። ችግሩ ዕቃው ሁለት የምርት ቀን ያለው መሆኑና ጣሳው ላይ የሚታተመው ሁለተኛው ብቻ መሆኑ ነው። በሙቅ መጋዘን ዓመታት ያሳለፈ በርሜል ውስጡ ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ ያንን የገዛ ፋብሪካ ቀለሙን ለመመለስ ቀይ ማቅለሚያ፣ ውፍረቱን ለመመለስ ስታርች ይፈልጋል። ስለዚህ አቅራቢው በጽሑፍ የሚመልሰው ጥያቄ ይኑር፦ ጥሬው ከየትኛው አገር ነው፣ የየትኛው ዓመት ምርት ነው፣ ጣሳው መቼና የት ታሸገ? በግልጽ የማይመልስ አቅራቢ ሌላው ሁሉ ቢያምር አይመከርም።

ብሪክሱን ራስ መለካት ይቻላል። በእጅ የሚያዝ ሪፍራክቶሜትር ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር መለኪያው እስከ 32 ወይም ከዚያ በላይ የሚያነብ መሆኑ ነው፣ ለፍራፍሬ ጭማቂ የሚሸጡት አንዳንዶቹ 20 ላይ ያበቃሉ። ድልሁን እንዳለ መስተዋቱ ላይ መቀባት መስመሩን ያደበዝዛል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጨመቅ የሚወጣው ጠብታ ነው የሚነበበው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ይጣሉ። መሣሪያውም ድልሁም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁኑ፣ ቅድሚያ በተጣራ ውሃ ዜሮ ይደረግ። ከንባቡ ላይ ጨው ይቀነሳል፦ 1 በመቶ ጨው ንባቡን በአንድ ብሪክስ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። መሣሪያው 28 ካለና ጨዉ 2 በመቶ ከሆነ የቲማቲሙ ድርሻ 26 አካባቢ ነው። የተጨመረ ስኳርም ንባቡን ያሳድጋል፤ እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ለዚህ ነው ብሪክስ ብቻውን የማይበቃው።

ስታርችን ለመያዝ አዮዲን ይበቃል። አንድ ማንኪያ ድልህ በአሥር ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ይፈላል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ በወረቀት ወይም በጥጥ ይጣራል፣ በጠለለው ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አዮዲን ይደረጋል። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለ። ማቀዝቀዙ መዘለል የለበትም፤ ስታርችና አዮዲን ሲገናኙ የሚፈጥሩት ቀለም በሙቅ ውሃ ይጠፋል፣ ፈላጊውም «ንጹሕ ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ማጣራቱም የግድ ነው፣ የድልሁ ቀይ ሰማያዊውን ይሸፍነዋልና። ያልበሰለ አረንጓዴ ቲማቲም የራሱ ትንሽ ስታርች ስላለው ደብዘዝ ያለ ለውጥ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ እንጂ ወዲያው አይፈረድበት። ከአኩሪ አተር የሚወጣ አሰር በአዮዲን አይያዝም፤ እሱ የሚታወቀው በምላስ ላይ በሚቀረው አሸዋማነትና በላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ነው። በኮዴክስ ዝርዝር ለድልህ የተፈቀዱት ተጨማሪዎች ጨው፣ ቅመም፣ ለአሲድነት የሎሚ ጭማቂና ውሃ፣ እንዲሁም የአሲድ ማስተካከያዎች ናቸው። ስታርችም ማቅለሚያም በዚያ የሉም። በጥሩ ጣሳ ላይ የሚነበበው «ቲማቲም» ወይም «ቲማቲም፣ ጨው» ነው፣ ቢበዛ ሲትሪክ አሲድ ይታከልበታል።

ውፍረትን በተመለከተ ቅጥነት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ቲማቲሙ እንደተፈጨ ከ90 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ከሞቀ የሚያወፍረውን የራሱን ፔክቲን የሚሰብሩት ኢንዛይሞች ይሞታሉ፣ ድልሁም ወፍራም ይሆናል። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከተሠራ ኢንዛይሞቹ ትንሽ ይሠራሉ፤ ድልሁ ይቀጥናል፣ ቀለሙና የትኩስ ቲማቲም ጣዕሙ ግን ይሻላል። የመጀመሪያው ለኬቻፕና ለስጎ ፋብሪካ፣ ሁለተኛው ለወጥ ይመረጣል። የሚያሳስበው ያለ ምክንያት ውሃ የሚለይ ድልህ ነው። ቀለምን በዓይን ከማመን ይልቅ በውሉ ላይ የቀይ ከቢጫ ንጽጽር ቁጥር ማስፈር ይሻላል፤ ብዙ ገዢዎች 2 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። የሻጋታ ቆጠራም እንዲሁ በቁጥር ይጻፍ፣ የበሰበሰ ቲማቲም ወደ ወፍጮው መግባቱን ከማንም በፊት የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጣሳው። የድልህ ጣሳ ቆርቆሮ በቀጭን የቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ ብረት ነው፣ ለድልህ የሚሆነው ደግሞ ውስጡ ቅብ ያለው ነው። ቅቡ ከተላጠ ወይም ከተቧጨረ የድልሁ አሲድ ልባጡን ቀስ በቀስ እየበላ ወደ ምግቡ ያስገባል፤ ማዳበሪያ የበዛበት ማሳ ያፈራው ናይትሬት የያዘ ቲማቲም ደግሞ ይህን በጣም ያፋጥነዋል። ኮዴክስ በታሸገ ምግብ ውስጥ የፈቀደው የቆርቆሮ ማዕድን ከፍተኛ መጠን በኪሎ 250 ሚሊግራም ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት 200። ናሙና ሲከፈት ድልሁ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ፣ ጣሳው ይታጠብና የውስጡ ግድግዳ በብርሃን ይታይ። እኩል ወርቃማ ወይም ነጭ ቅብ ጥሩ ነው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ግራጫ ጭረት ካለ፣ ወይም ቅቡ በጥፍር ሲነካ እንደ ፊልም ከተነሳ፣ ያ ፋብሪካ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ዕቃ አልሠራም። ወደ አውሮፓ ገበያ የሚሸጥ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያረጋግጥ፦ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ 2024/3190 ምግብ በሚነካ ቅብ ውስጥ ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ኬሚካል ከልክሏል፣ የመሸጋገሪያ ጊዜ እየሰጠ።

የጣሳ ሞትና ሽረት ያለው ክዳኑና ገላው ተጣጥፈው በተያያዙበት ጠርዝ ላይ ነው። የገላው ጠርዝ ወደ ታች፣ የክዳኑ ጠርዝ ወደ ላይ ታጥፈው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ በመካከላቸው ለስላሳ ማሸጊያ ሙጫ አለ። ጠርዙ በመጋዝ ተቆርጦ ሲታይ ሁለቱ እጥፋቶች ምን ያህል እንደተደራረቡ ይለካል፤ ከ45 በመቶ በታች የተደራረበ ተቀባይነት የለውም። መጋዝ የሌለው ገዢ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጠርዙን ዙሪያውን ይሂድበት። ስለት የመሰለ ሹል፣ ወይም ወደ ታች የወጣ ምላስ የመሰለ ጎርባጣ ከተገኘ የማሽኑ ሮለር አልተስተካከለም ማለት ነው፣ ያም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጣሳ ላይ ብቻ አይቀርም። የጤነኛ ጣሳ ሁለቱም ጫፎች ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው፣ በሙቅ ተሞልቶ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ቫኪዩም ይፈጠራልና።

ቀለበት ያለው በቀላሉ የሚከፈት ክዳን በሸማቹ ይወደዳል፤ ለረጅም ጉዞ ግን ተራውን ክዳን እንመርጣለን። በቀላሉ እንዲቀደድ ሆን ተብሎ የሳሳ መስመር አለው፤ ካርቶን ሲወረወር መጀመሪያ የሚሰነጠቀው፣ ቅቡ ከተጎዳም መጀመሪያ የሚዝገው እዚያ ነው። ዕቃው በብዙ እጅ የሚያልፍና በጭነት ሠራተኛ ትከሻ የሚራገፍ ከሆነ ልዩነቱ በኪሳራ ይታያል። ፓሌት በፎርክሊፍት ተነስቶ በፎርክሊፍት የሚወርድበት መስመር ላይ ግን ቀለበቱ አያስፈራም።

የድልህ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) ከ4.6 በታች ስለሆነ እንደ ሥጋና ዓሣ ጣሳ በ121 ዲግሪ መቀቀል አያስፈልገውም፤ ከ85 ዲግሪ በላይ ሞቆ ተሞልቶ፣ ታሽጎ፣ በፈላ ውሃ ጥቂት ከቆየ ይበቃዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካው ለመቸኮል ሲል ጣሳውን ከ40 ዲግሪ በታች ሳያቀዘቅዝ ካርቶን ውስጥ ከከተተ፣ የፓሌቱ መሃል ለቀናት እንደሞቀ ይቀራል። ድልሁ ያርራል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያም ይነቃል። ከእነዚህ አንዱ፣ ባሲለስ ኮአጉላንስ፣ ጋዝ ሳያወጣ አሲድ ይፈጥራል፤ ጣሳው ሳያብጥ፣ ሳያፈስ ድልሁ ይጎመዝዛል። ለዚህ ነው «ያላበጠ ሁሉ ደህና ነው» የሚለው አሠራር የማያዋጣው። ከጭነት በፊት ከየባቹ (በአንድ ዙር ከተመረተው) ጥቂት ጣሳዎችን በ37 ዲግሪ ለ14 ቀን አቆይቶ መክፈት፣ ፒኤቹንም ካልቆየው ጋር ማነጻጸር ይህን ያወጣዋል። ናሙናው ላኪው መርጦ የሚልከው ሳይሆን መርማሪው ራሱ ከፓሌቱ መሃል፣ ከታችና ከላይ የሚያነሳው ይሁን፤ ያረረው ያለው መሃል ነው።

ስለ መጠን። አንድ ቶን ድልህ በ70 ግራም ጣሳ 14,286 ያህል ጣሳ ነው፣ በ400 ግራም 2,500፣ በ2.2 ኪሎ ደግሞ 455 አካባቢ። ትንሹ ጣሳ በቶን የሚሸከመው ብረት፣ ጠርዝና የመፍሰስ ዕድል በዚያው ልክ ይበዛል። በችርቻሮ ግን የሚሸጠው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ያልቃል። ሲመዘን 400 ግራሙ (24 በካርቶን፣ 9.6 ኪሎ የተጣራ) ለአብዛኛው ገዢ የተሻለ ምርጫ ነው። 2.2 ኪሎው (6 በካርቶን) ለምግብ ቤት ብቻ ይግባ።

የጠርሙስ ድልህ ዝርዝሩ አጭር ነው። ውስጡ ይታያል፣ ከተከፈተ በኋላ ክዳኑ ተመልሶ ይገጥማል፣ ብረት ከአሲድ ጋር የሚነካካው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። በክዳኑ መሃል ያለው ጉብታ ወደ ውስጥ ከገባ ቫኪዩሙ አለ፤ ሲጫን «ቀጭ» ካለ ጠርሙሱ አይሸጥ። በተቃራኒው ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ አንዱ ሲሰበር ሙሉ ካርቶኑን ያበላሻል፣ ብርሃንም ቀለሙን ያደበዝዛል። ለአጭር መንገድና ለውድ ምርት ይስማማል።

የታሸገ ምግብ ከባድ ስለሆነ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቦታው ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል፤ ባለ 40 ጫማው ሁለት እጥፍ ያህል ቦታ ቢኖረውም የሚሸከመው ሁለት እጥፍ አይደለም። በዓለም አቀፉ የባሕር ደህንነት ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደት ሳይቀርብ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። በጉዞው ላይ ጠላቱ እርጥበት ነው። ቀን ሙቀት ከእርጥብ ካርቶንና ከእርጥብ እንጨት ውሃ ያተናል፣ ሌሊት ጣሪያው ሲቀዘቅዝ ያ ውሃ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ካርቶኑ ይለሰልሳል፣ የታችኛው ረድፍ ይጨረመታል፣ ጠርዞቹ ይዝጋሉ። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ገብቶ በሩ ይዘጋበትና ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልግ፤ ደረቅ ፓሌት፣ እንጨቱ ከተባይ መታከሙን የሚያሳየው የአይኤስፒኤም 15 ማኅተም ያለው፣ ይሁን፤ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች በግድግዳው ይሰቀሉ፤ ከላይኛው ረድፍ ላይ ወፍራም ወረቀት ይልበስ። ጣሳው ከፋብሪካ ውሃ ወጥቶ ሳይደርቅ ከታሸገ ግን ይህ ሁሉ አያድነውም።

ክፍያው በኤልሲ (ባንክ በሰነድ ላይ ተመሥርቶ ለላኪው ለመክፈል በሚገባው ዋስትና) ከሆነ አንድ ነገር አይረሳ፦ ኤልሲን በሚገዛው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩሲፒ 600፣ ባንክ የሚያየው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም። ብሪክሱ፣ የጨው መጠኑ፣ ስታርች አለመኖሩ፣ የምርት ዓመቱና የማቆያ ሙከራው በገለልተኛ መርማሪ ሰርተፊኬት እንዲረጋገጥ ኤልሲው ላይ ካልተጻፈ፣ ትክክለኛ ወረቀት ያቀረበ ላኪ ይከፈለዋል። በኢንኮተርምስ 2020፣ በዓለም አቀፉ የሽያጭ ውል ቃላት ደንብ፣ ደግሞ ሲአይኤፍ (ሻጩ ማጓጓዣውንና መድኑን የሚከፍልበት ውል) የሚያስገድደው ዝቅተኛውን መድን፣ «ክሎዝ ሲ» የሚባለውን፣ ብቻ ነው፤ እሱ መስጠምና እሳትን የመሰሉ ትልልቅ አደጋዎችን እንጂ የካርቶን መጨርመትንና ዝገትን አይሸፍንም። «ክሎዝ ኤ» በስም ተጠቅሶ ይጠየቅ። እሱም ቢሆን ከመጥፎ አስተሻሸግ የመጣ ጉዳትን ሊያገልል ስለሚችል የአጫጫን ፎቶግራፍ ከሰነዶቹ ጋር ይምጣ። የምርት ቀንም በቀለም የታተመ ብቻ ሳይሆን ክዳኑ ላይ ተቀርጾ የወጣ ይሁን፤ ቀለም በአልኮል ተጠርጎ ሌላ ቀን ይታተምበታል፣ የተቀረጸ ብረት ግን አይጠረግም።

ሲደርስ ማኅተሙ ሳይሰበር ቁጥሩ ከጭነት ሰነዱ ጋር ይነጻጸር፣ በሩ ሲከፈት፣ ግማሹ ሲራገፍና ወለሉ ሲታይ ፎቶ ይነሳ። የባሕር አጓጓዥን ኃላፊነት የሚወስኑት የሄግ-ቪዝቢ ደንቦች በሚሠሩበት ጭነት ላይ ከውጭ ለማይታይ ጉዳት ለመርከብ ድርጅቱ በጽሑፍ ለማሳወቅ ያለው ጊዜ ከርክክብ በኋላ 3 ቀን ነው፣ ለመክሰስ 1 ዓመት። ካርቶኖቹ ሲመረጡ ያበጠ ወይም የሚያፈስ ጣሳ ለቅምሻ እንኳ አይከፈት፣ ተቆጥሮና ፎቶ ተነስቶ ይለይ። ገላው መሃል ላይ ለስላሳ ስርጉድ ያለበት ጣሳ ይሸጣል። ጠርዙ ላይ ወይም በቁመቱ መገጣጠሚያ ላይ የሰረጎደ ግን፣ ዛሬ ባያፈስም፣ ከሽያጭ ይወጣል። ላይ ላዩን የዛገ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ብረቱ ካልተቦረቦረ ቅድሚያ ይሸጥ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ይወገድ። በአንድ ባች ውስጥ ያበጠ ከአንድ ጣሳ በላይ ከተገኘ ግን ያ ባች በሙሉ ውጤቱ እስኪታወቅ ከመጋዘን አይውጣ።